ለስደተኛ ከስልጠናው በፊት ዋስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ ስለ ስደተኞች የጻፈውን አነበብኩት፣ እርዳታ ለምደው እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚቀመጡት፣ እኛ ራሳችን ተቸግረን ምናምን የሚለውን። ሰውየውን አልቀየምኩትም፣ ኑሮው እውነትም ከብዷል፣ ግን እጃቸውን አጣጥፈው የምትለዋን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ፣ ምክንያቱም አንዷ እኔው ግቢ ውስጥ አለች፣ የስፌት ማሽኗ እስከ እኩለ ሌሊት ሲንጫጫ እንቅልፍ የሚያጣው ማን ሆነና።

የምኖረው ሐዋሳ ዳቶ አካባቢ ነው። 5 ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ፣ አራቱን የያዙት የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች ናቸው፣ አምስተኛዋ ኤርትራዊት ናት። ድሮ ትግራይ ማይ ዓይኒ ካምፕ ነበረች፣ ጦርነቱ ሳይጀመር በኦሲፒ ወጣች። ኦሲፒ ማለት ለማያውቅ፣ ከካምፕ ውጪ ለመኖር የሚሰጥ ፈቃድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤርትራውያን ተብሎ የተጀመረ፣ እሱንም የምታገኘው ራስህን ማስተዳደር ከቻልክ ወይ ደሞ እኔ አለሁለት የሚል ዘመድ ወይ ወዳጅ ካለህ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው በዋስ ነው የሚሄደው። ለሷ የፈረመችላት አዲስ አበባ የነበረች የአክስቷ ልጅ ናት፣ የአክስቷ ልጅ በኋላ ካናዳ ገባች፣ ይቺ ቀረች፣ የአዲስ አበባ ኪራይ ሲያማርራት ወደኛ መጣች። እኔም ኪራይ ሁለቴ ጨምሬባታለሁ፣ አልዋሽም።

ሕጉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጥር 2011 ላይ የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ፣ 1110 የሚባለው፣ ሥራ መሥራት ይፈቅዳል፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይፈቅዳል፣ መንጃ ፈቃድ፣ ልደትና ጋብቻ ማስመዝገብ፣ ልጅ ማስተማር፣ ሁሉም አለበት። ችግሩ አዋጁ መስኮቱ ጋ አልደረሰም። ልጅቷን ይዤ አንድ ባንክ ሄድኩ (የትኛው እንደሆነ ይቅር)፣ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የስደተኛ መታወቂያዋን ገልብጣ አይታ ይሄ ምንድነው አለችን፣ ከዛ የቀበሌ መታወቂያ አምጡ ተባልን፣ የቀበሌ ቢኖራት ስደተኛ ትሆን ነበር እንዴ? ሁለተኛ ቀን ደብዳቤ አምጡ፣ ሦስተኛ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛው አንድ ጎረምሳ ሠራተኛ ስልኩ ላይ የሆነ መመሪያ ፈልጎ አገኘና በ20 ደቂቃ ከፈተላት። አራት ቀን ሙሉ የፈጀው እንግዲህ ሕግ ስለሌለ አይደለም። አሁን ፋይዳ ለስደተኛም እየተሰጠ ስለሆነ ነገሩ ቀለል እንዳለ ትነግረኛለች፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን ይሄ ነገር ለምን ያንገበግበኛል መሰላችሁ፣ ታናሽ ወንድሜም ስደተኛ ነበር። በኬንያ ወጥቶ ካኩማ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ ስንት ዓመት ተቀምጦ ነው አሜሪካ ዴንቨር የደረሰው። እኛ እዚህ አሜሪካ ገባ ብለን ዳቦ ደፍተን ጎረቤት ጠርተናል፣ እሱ እዛ በደረሰ በማግስቱ የአውሮፕላን ትኬቱ ብድር መሆኑን እያሰበ ነው፣ አዎ ብድር ነው፣ ወለድ የለውም እንጂ በየወሩ ይከፈላል። የተቀበለው ኤጀንሲ ቤት ተከራየለት፣ ፍራሽና ድስት ሰጠው፣ ወረቀቶቹን አስጨረሰለት፣ ይሄ አቀባበል የሚባለው ለ90 ቀን ነው፣ 90 ቀን! እኔ ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ አንድ የካርታ ጉዳይ በ90 ቀን አልጨረስኩም። እንግሊዝኛው ገና ሳይፈታለት የሌሊት ፈረቃ ሥጋ ፋብሪካ ገባ፣ እጁ እየደነዘዘ።

ታዲያ ምን አቆመህ ስለው የሚነግረኝ ስለ ኤጀንሲው አይደለም፣ ስለ አንድ የጎንደር ሰው ነው። ያ አገር አዲስ ገቢ ክሬዲት የለውም፣ ማለትም ተበድሮ ከፍሎ አያውቅም፣ ስለዚ ደህና ቤትም መኪናም የሚሰጠው የለም፣ ሥራው ደሞ አውቶብስ በሌለበት ሰዓት ነው የሚገባው። ሰውየው ቤተክርስቲያን ነው ያገኘው፣ ሁለት ወር አይቶት የመኪናውን ብድር አብሮት ፈረመ፣ በአማርኛ ዋስ ሆነው ማለት ነው። ከዛ ዕቁብ አስገባው። አሜሪካ ድረስ ሄደው ዕቁብ መጣላቸውን ስሰማ ስቄ ነበር፣ አሁን አልስቅም። ኢሲዲሲ የሚባለውን፣ ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ እ.ኤ.አ. በ1983 ቨርጂኒያ ውስጥ የመሠረቱትን ድርጅትም ያነሳልኛል፣ ለኢትዮጵያውያን ተብሎ ተጀምሮ በኋላ ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ መቀበል፣ ለአነስተኛ ንግድም ማበደር የጀመረ ነው። ያን የጀመረው የኛው አገር ሰው ነው፣ እዚህ ሆነን ለምን ያቅተናል?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እኔ የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ፣ 40 ሰው ነን፣ በሳምንት 1000 ብር። አስገቢኝ አለችኝ፣ አስገባኋት፣ በስድስተኛው ሳምንት ዕጣ ወጣላት፣ ገና 34 ሳምንት ልትጥል ነው። ዕቁብ የሚያውቅ ያውቃል፣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አይወስድም። ማንም የለ። ባለቤቴ በልታ ብትጠፋስ፣ ነገ ካናዳ ጠሩኝ ብትልስ አለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተነታረክን፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ፈረምኩ። በዛ ብር ያገለገለ ሲንጀርና ኦቨርሎክ ገዛች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ለበዓል ደሞ የሀበሻ ቀሚስ። ሁለት ሳምንት አሳልፋብኝ ታውቃለች፣ መስከረም ላይ ደንበኛ ስላልከፈላት፣ ያኔ ከራሴ ከፍዬ አኩርፌያት ነበር፣ ከነቅጣቱ መለሰችልኝ። ጨርሳለች። ከአራቱ ልጆች አንዷን፣ ከፋብሪካ የተቀነሰችውን የሲዳማ ልጅ፣ ቁልፍና ዘምዘማ አስተምራ አብራት ታሠራታለች።

ፋብሪካ ካልኩ አይቀር፣ መስከረም 2009 ኒው ዮርክ ላይ መንግስታችን ስለ ስደተኞች 9 ነገር ቃል ገብቶ ነበር፣ አንዱ በኢንዱስትሪ ፓርኮች 100 ሺህ ሥራ ይፈጠራል፣ 30 ሺህ ያህሉ ለስደተኞች ይሆናል የሚል ነው፣ የ500 ሚሊዮን ዶላር ገንዘብ የተወራለት። እኛ ፓርኩ በር ላይ ነን፣ ያየነውን አይተናል፣ ከገጠር የመጡት ልጆች ራሳቸው አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ደሞዛቸው ከኪራይ አልተርፍ እያለ በወራት ውስጥ ጥለው ይሄዱ ነበር፣ በ2014 አጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሉ፣ ሲቋረጥ ደሞ ስንቷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ኪራይና ምግብ የማይችል ደሞዝ ስደተኛን ከእርዳታ እንዴት ያወጣዋል?

ድርጅቶች ለስደተኛ የሚሰጡት ስልጠናስ፣ ልጅቷ ሦስት የሥራ ፈጠራ ሰርተፍኬት አላት፣ አንዱን አይቼዋለሁ፣ ቆንጆ ወርቃማ ክብ ማኅተም አለው። አንዱም ጋር ማሽን አልመጣም። የምጠይቀው ትንሽ ነው። አዋጁ ለስደተኛ ምን ምን እንደሚፈቅድ በአንድ ገጽ በአማርኛና በሲዳምኛ ተጽፎ ባንኮችና ቀበሌዎች መስኮት ላይ ይለጠፍ፣ ወረቀት ነው በቃ። ብር ያለው ድርጅት ደሞ ለአራተኛ ስልጠና አዳራሽና አበል ከሚያወጣው ላይ ቀንሶ ለዕቁብና ለብድር ዋስትና ያስቀምጥ፣ ሰውየው ካልከፈለ ድርጅቱ ይከፍላል፣ ከከፈለ ብሩ ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል። ከአገሬው ጋር አጣምሮ ይሁን ደሞ፣ አዋጁ ራሱ ስደተኛና ኢትዮጵያዊ አብረው የሚሠሩባቸው የጋራ ፕሮጀክቶች ውስጥ ለስደተኛው እንደ ዜጋ መብት ይሰጠዋል፣ ያኔ ያ አንባቢያችሁም እኛስ የሚል አይመስለኝም።

ባለፈው እሁድ የሆነውን ጽፌ ልጨርስ። ለሲዳማዋ ልጅ ዕጣ ወጣላት፣ ዋስ ሲባል ኤርትራዊቷ እጇን አወጣች። ዳኛው አይቻልም፣ ስደተኛ ዋስ አትሆንም፣ ወረቀቷ በየጊዜው የሚታደስ ነው አለ። አንድ ዙር ሙሉ ከፍላለች እኮ አልኩት። ደንባችን ላይ ግን አትችልም የሚል ነገር የለም፣ ደብተሩን ሁለቴ አገላብጬ አይቻለሁ፣ ስለዚ ውሳኔው ለመጪው እሁድ ተቀጥሯል፣ ብሩም እኔ ጋ ተቀምጧል።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ ዳቶ