«ስንት ማይክሮፋራድ ነው?» ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጅማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም፣ ጌም ቤት የከፈተውም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ካርዱ ሲበላሽና ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ መልሶ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) ሲገኝበት ጉዞው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። እዚያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ማይክሮፋራድ?» ማለትም የመያዝ አቅሙ ስንት ነው? ቁጥሩ ከገጠመ ሽያጩ አለቀ። ካርዱ ግን ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል፤ ጠጋኙም ይወቀሳል። እኛ በዚሁ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ስለ አመራረጡ ገዢውም ሻጩም ሊያውቀው የሚገባውን ለመጻፍ ወደድን።

ግራፊክስ ካርድ የሚገባለትን 12 ቮልት ወደ 1 ቮልት ገደማ አውርዶ ነው ለዋናው ቺፕ የሚሰጠው። የሚያወርደው ክፍል በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። በዚህ ፍጥነት ከማይክሮፋራዱ ይልቅ የሚወስነው የካፓሲተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታው)፣ ማለትም ኢኤስአር ነው። ሮቶው የቱንም ያህል ቢተልቅ የሚወጣበት ቧንቧ ከጠበበ ውሃው በተፈለገበት ሰዓት አይደርስም። ኢኤስአሩ ከፍ ያለ ካፓሲተር ራሱን ያሞቃል፤ ሙቀቱ የውስጡን ፈሳሽ ያደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ደግሞ ኢኤስአሩ ይብስበታል።

ደረቅ ፖሊመር የሚባለው ዓይነት ኢኤስአሩ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ የሆነው ኦም አንድ ሺኛ) ነው። ለኮምፒዩተር ቦርድ የተሠራ ጥሩ ፈሳሽ ካፓሲተር ከ15 እስከ 30 አካባቢ ይሆናል። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ተራ ካፓሲተር ማይክሮፋራዱ እኩል ሆኖ እንኳ መቶ ሚሊኦምን ሊያልፍ ይችላል። ላስቲኩ ላይ 85 ዲግሪ የሚል ከሆነ ይመለስ። የሚፈለገው 105 ነው። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት የሚቆይ ፈሳሽ ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው ቅናሽ ዕድሜው እጥፍ ስለሚሆን በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ያህል ይሠራል። የ85ቱ 2000 ሰዓት እዚያው 65 ላይ 8000 ብቻ ነው።

ፈሳሹን በፖሊመር መተካት ይቻላል፤ በእኛ አስተያየት ለቺፑ ኃይል በሚሰጠው መስመር ላይ ይመረጣልም። በዚያ ቦታ 1500 ማይክሮፋራድ 6.3 ቮልት የነበረው በ820 ማይክሮፋራድ ፖሊመር ቢተካ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ትንንሽ ሊኒየር ሬጉሌተሮች (ሳይበሩ ሳይጠፉ ቮልት የሚያወርዱ ቺፖች) አጠገብ ግን ይህን አናደርግም፤ አንዳንዶቹ ኢኤስአሩ ከልክ በላይ ሲያንስ ቮልቴጃቸው ይዋዥቃል።

ቮልቱ ላይ የሚፈጸመው ስህተት የከፋ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 820/2.5 እና 270/16 ፖሊመሮች (ፊተኛው ቁጥር ማይክሮፋራድ፣ ኋለኛው ቮልት ነው) ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ የታተመው ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያው የቺፑ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ 12 ቮልት ላይ ከገባ ይፈነዳል። ለ12 ቮልት ባለ16 ቮልቱ ነው የሚገባው። ቮልቱን ከፍ ማድረግ አይጎዳም፤ ቁመቱ የማቀዝቀዣውን ብረት እንዳይነካ ብቻ ይታይ። የእግሮቹ ርቀት ለ8 ሚሊ 3.5፣ ለ10 ሚሊ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በረድፍ ካሉት አንዱ ብቻ ቢያብጥም ረድፉ በሙሉ ይቀየር፤ የቀሩትም በዚያው ሙቀት ውስጥ የእሱን ሸክም ሲሸከሙ ከርመዋል። ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ካፓሲተር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ካፓሲተሩ ሲገጠም ደግሞ አቅጣጫው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆርቆሮ ካፓሲተር ላይ ያለው ጥቁር ወይም ቀለም የተቀባ ወገን ኔጌቲቭ ነው። በቢጫ ወይም በጥቁር ጠፍጣፋ ታንታለም ላይ ያለው ሰረዝ ግን ፖዘቲቭ ነው፤ ብዙ ካርድ የተቃጠለው በዚህ ነው። የቦርዱ ሥዕልም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ከመንቀል በፊት ፎቶ ማንሳት፣ ከነቀሉ በኋላ በመልቲሜትር ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ ኔጌቲቭ) ጋር የሚገናኘውን ቀዳዳ መፈለግ ነው። በእነዚህ መስመሮች ላይ ኔጌቲቩ ወደዚያ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቺፑ መስመር በአዳዲስ ካርዶች ከ1 ኦም በታች ሊያነብ ይችላልና መልቲሜትሩ ስለጮኸ ብቻ ሾርት ነው (መስመሩ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል) አይባልም። 12 ቮልቱ ላይ ዜሮ ከተነበበ ግን እውነትም ሾርት ነው።

ሾርቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ካላበጡት ቡኒ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ዘንድ ነው። ሰውነታቸው ላይ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ከተመሳሳይ የወደቀ ካርድ፣ ከተመሳሳይ ቦታ መውሰድ ይሻላል። አዲስ ሲገዛ ማሸጊያው ላይ ኤክስ5አር (X5R) ወይም ኤክስ7አር (X7R) የሚል የዓይነት ምልክት ይኑረው። ዋይ5ቪ (Y5V) የሚባለው ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ እስከ 82 ፐርሰንት አቅሙን ያጣል። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ወርቃማ ጥርስ በላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ሴራሚኮችም በካቻቪቴ ተገፍተው ይወድቃሉ፤ ካርዱ ይሠራል፣ ግን ከ16 የመረጃ መስመር ወደ 8 ወይም 4 ይወርዳል። ለፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ካርድ (ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ስልት ሦስተኛ ትውልድ) እዚያ የሚገባው 220 ናኖፋራድ ነው፤ 100 ለቀድሞዎቹ ትውልዶች ነው የሚበቃው።

መበየጃው ከ60 ዋት ባያንስ፣ ጫፉም ከ350 እስከ 380 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ቦርዱ ቀድሞ ካልሞቀ የግራውንዱ መዳብ ሙቀቱን ይውጠዋል፤ ያኔ ጉልበት ይመጣና ቀዳዳው ከነመዳቡ ይነቀላል። እርሳስ ያለበት ሶልደር ጨምሮ የድሮውን ማላላት ያግዛል፤ የፋብሪካው በ217 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ 63/37 የሚባለው እርሳስ ያለበት ሶልደር በ183 ይቀልጣል። ከብየዳው በኋላ ቦርዱ ሲታጠብ፣ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ፐርሰንት አልኮል ውሃ አለበት፤ በጅማ ረጅም ክረምት በታጠበበት ቀን ካርዱን አለመሰካት ነው።

ለሄርማታ መርካቶና ለሌሎችም ሻጮች አንድ ጥያቄ አለን። 820/2.5፣ 560/4፣ 270/16 ፖሊመር እና 1500/6.3 ባለ105 ዲግሪ ፈሳሽ በየዓይነታቸው ከአሥር ከአሥር ቢይዙ፣ ከሬዲዮው ሳጥን ለይተው የፋብሪካውን ተከታታይ ስም ከረጢቱ ላይ ቢጽፉ፣ ለዚህች ለዚህች ዕቃ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ መጠበቅ ይቀር ነበር። ደንበኞችም የተነቀለውን ካፓሲተር ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ከአዲሱ ጋር አስተያዩት።

የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ከጅማ