ጓያ የሰበረውን እግር ክኒን አይመልሰውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት መጥቶ «ወንድሜን ጓያ እግሩን ይዞታል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ሜማንቲን የሚባል የነርቭ መድኃኒት ልትልክልን ነው፤ በቀን ስንት ይውሰድ?» ሲል ጠየቀኝ። ጓያ አብዝተው ሲበሉት እግር የሚያሽመደምድ ጥራጥሬ ነው። ገንዘቧን እንዳታወጣ ነገርኩት። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ ወንበር ስቤ አስቀመጥኩትና ምክንያቱን አስረዳሁት። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ተስፋ የያዙ ሌሎች ቤተሰቦችም ስላሉ ነው።

የነርቭ ሴሎቻችን መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ነገሮች ዋነኛው ግሉታሜት ነው። ግሉታሜት በሴሉ ላይ ካሉት ተቀባዮች ሲያርፍ በር ይከፈታል፤ በአንዳንዱ በር ካልሲየም ይገባል። ጥቂቱ ለሥራ ያስፈልጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ሴሉ የራሱን አካል እንዲያፈርስ ያደርገዋል። ጓያው ውስጥ ያለውና ለበሽታው ዋነኛ ተጠያቂ የሆነው ኦዳፕ የተባለው መርዝ ግሉታሜትን ይመስላል፤ አምፓ በሚባለው ተቀባይ ላይ ተቀምጦ በሩ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ጡንቻ የሚያዙት ነርቮች ደግሞ የገባውን ካልሲየም የመያዝ አቅማቸው አነስተኛ ነው። ጉልበቱ ተቆልምሞ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ፣ በምርኩዝ የሚሄደውን ሰው ያየ ውጤቱን ያውቀዋል።

ሜማንቲን የሚዘጋው ሌላ በር ነው፤ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውም አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት ሕመም ነው። ትክክለኛው በር ቢዘጋስ? የሞተ ነርቭ አይነሳም። ለታመመው ሰው የሚጠቅመው የጡንቻውን መገታተር የሚያላላ ሕክምናና የአካል እንቅስቃሴ ነው፤ ለዚያ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ስለዚህ በሩን መጠበቅ ያለብን ምድጃው ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ደምቢያ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተመትቷል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ነገር ለእኔ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል፦ ጓያን እሸቱን፣ ቆልቶ ወይም ንፍሮ አድርጎ መብላት አደጋውን ሲጨምር፣ እንደ ስንዴ ካለ እህል ጋር መቀላቀል ይቀንሰዋል። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይረዳል። ገጠር ውስጥ ግን እስካሁን የሚፈራው እንፋሎቱና ገለባው ነው። እናቶች ድስቱ ሲፈላ ልጆቻቸውን ያርቃሉ፤ ቆሎውን ግን በእጃቸው ይሰጧቸዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ጥንቃቄው አለ፣ የዋለው ግን ያለቦታው ነው።

«አትብሉ» ማለት ቀላል ነው። ዝናብ ሲጠፋ ማሳ ላይ የሚቀረው ጓያ ብቻ ሲሆን ገበሬው ምን ይብላ? እርዳታው ስንዴም ሆነ በቆሎ፣ መድረስ ያለበት ቤተሰቡ ጓያን ብቻውን መብላት ከመጀመሩ በፊት ነው። ወራት ዘግይቶ የመጣ ስንዴ ረሃብ ያስታግሳል እንጂ እግር አይመልስም።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ድርቅ ለመዘገብ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጎንደር ዘጋቢ ስትልኩ፣ ሰዉ ጓያን እንዴት እየበላ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከዜናው ሥርም ስለ መዘፍዘፉና ከእህል ጋር ስለ መቀላቀሉ ሁለት መስመር አውጡልን።

አንድ የመድኃኒት ባለሙያ