አባቴ በላስቲክ ተቋጥሮ የተሰጣቸው መድኃኒት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለከተማችን ጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ይህ አራተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ኅዳር ላይ በመድኃኒት ቤቱ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ከተትሁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለቢሮዎ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጌ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ይዣለሁ። «ጉዳዩ ተመርቷል፣ ሳምንት ተመለሺ» ተባልሁ። ተመለስሁ። ወዴት እንደተመራ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ዳገት ሲወጡ፣ ብርድ ሲመታቸው፣ ሲናደዱም ደረታቸውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳቸውና ወደ መንጋጋቸው ይዘልቃል። ሐኪማቸው የልባቸው የደም ቧንቧ መጥበቡን ነግሯቸው፣ ሕመሙ ሲነሳ ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ናይትሮግሊሰሪን አዘዘላቸው። ማዘዣውን ይዘው እርስዎ ከሚቆጣጠሯቸው መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ሄዱ። እዚያ 20 ፍሬ ከጠርሙሱ ተቆጥሮ በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ተሰጣቸው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ሲያም 1» ተጽፎበታል። በቃል የተነገራቸው ነገር የለም።

ይህ መድኃኒት የሚተን ነው። ጥብቅ ክዳን ባለው በራሱ የመስተዋት ጠርሙስ ካልተቀመጠ፣ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ካገኘው ኃይሉ ይጠፋል፤ ላስቲክ ደግሞ ራሱ ይመጥጠዋል። ኪኒኑ ግን መልኩ አይለወጥም፤ የሞተ መሆኑን የያዘው ሰው በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ይህን እርስዎም ያውቁታል፣ ቆጥረው የሰጡትም ባለሙያ በትምህርት ቤት ተምረውታል። የማናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

አባቴ ከረጢቷን በሸሚዛቸው ኪስ፣ ከደረታቸው ሙቀት ጋር፣ አራት ወር ያዟት። መጀመሪያ አካባቢ አንዷን ሲወስዱ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። በኋላ ራስ ምታቱ ቀረ። ሰውነታቸው ለመደው ብለን ደስ አለን። ለካ የጠፋው የመድኃኒቱ ኃይል ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያሰብነው ሐኪሙ ከረጢቷን አይተው «ጠርሙሱ የታለ?» ብለው ሲጠይቁን ነው።

ጥቅምት 21 ማለዳ ማርያምን ተሳልመን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያዛቸው። እንደ ቆሙ አንዷን ከምላሳቸው ሥር አደረጉ። ጠበቅን። ሁለተኛዋን ጨመሩ፤ ላብ አጠመቃቸው እንጂ ደረታቸው አልተፈታም። እኔ ደግሞ ካንዱ ደጅ ውሃ ለምኜ ሦስተኛዋን እንዲውጡ አደረግኋቸው። ከተዋጠ አብዛኛው ጉበት ላይ እንደሚከሽፍ ማን ነግሮኝ? ይሻላቸዋል እያልን ወደ 40 ደቂቃ ያህል እዚያ አጥር ሥር አባከንን። በባጃጅ ሆስፒታል ስናደርሳቸው የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ መሞት የጀመረበት ድንገተኛ የልብ ሕመም መሆኑ ተነገረን። ዘጠኝ ቀን ተኝተው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል። መድኃኒቱ ኃይሉ ቢኖረው ኖሮ ያ ቀን እንዴት ይውል እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የምጠይቀው ግን ኃይል ያለው መድኃኒት ለምን በእጃቸው አልነበረም ብዬ ነው።

ቆጥሮ ለመስጠት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል የማይወስድ ንግግር ነበር የጎደለው። መጀመሪያ ይቀመጡ፤ የደም ግፊት ስለሚያወርድ ቆመው ከወሰዱት ሊወድቁ ይችላሉ። አንዷን ከምላስ ሥር አድርገው ትሟሟ፣ አይዋጡት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት ወይም ከባሰብዎት ወዲያው አምቡላንስ ይጥሩ፤ እስኪመጣ በየ5 ደቂቃው አንድ አንድ፣ ከመጀመሪያዋ ጋር ከሦስት ሳያልፍ። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ እንደሚጠራ እንኳ ከረጢቷ ላይ የጻፈ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ነውር ተብሎ እየታለፈ ነው። የወንዶች የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት፣ ማለትም ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል፣ የወሰደ ሰው ይህን ኪኒን ቢጨምርበት የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ከሲልዴናፊል በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ከታዳላፊል በኋላ 48 ሰዓት ማለፍ አለበት። አባቴን ይህን የጠየቃቸው የለም። እኔ ልጃቸው ልጠይቃቸው አልችልም፤ እሳቸውም ለእኔ አይነግሩኝም። ባለሙያው በር ዘግቶ ዝግ ባለ ድምፅ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?

መድኃኒት ቤቱ ሄጄ ስከራከር «ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚሰጠው» አሉኝ። ያስቆጣኝ ይህ መልስ ነው። ሁሉም ቤት እንዲህ ከሆነ በየሰፈሩ በኪሱ የሞተ ኪኒን ይዞ ዳገት የሚወጣ ስንት አባት አለ? ቁጥጥር የሚባለውስ ሥራ ምን ላይ ነው?

ይህ ኪኒን በሙሉ ጠርሙሱ እንጂ ተቆጥሮ እንዳይሰጥ፣ አወሳሰዱም በአማርኛ ታትሞ አብሮ እንዲሰጥ ለመድኃኒት ቤቶቹ ሁሉ ትእዛዝ ይጻፉ። በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የእርስዎ ፊርማ ይበቃል። ለሁለቱ ደብዳቤዎቼም በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ።

ከረጢቷ በእጄ ናት። ስድስት ፍሬ ቀርቶባታል፣ «ሲያም 1» የሚለውም አልጠፋም። በቀጠሩኝ ቀን ይዣት እመጣለሁ።