ባዶ የከረመ ክፍልም ይቆጠርልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ማዘዙን ከልቤ እደግፋለሁ። ተከራይ በየጊዜው ዕቃውን ተሸክሞ መንከራተት የለበትም።

ቅሬታዬ የኪራይ ገቢ ግብሩ ላይ ነው። እዚህ ሐዋሳ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙም ሳልርቅ ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች አከራያለሁ። ተከራዮቼ የፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ሥራ ሲለቁ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ፣ ክፍሉም ለወራት ተቆልፎ ይከርማል። ግብሬ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደተከራየ ተቆጥሮ በግምት ተጣለብኝ። ቆርቆሮው ሲያፈስ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሲሞላ የማወጣው ሌላ ነው፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ አናጺ ከየት ይመጣል?

የተመዘገበ ውል ካለ ግብሩ በውሉ ይሰላ። ክፍሉ ባዶ የሆነበት ጊዜም በቀበሌ ተረጋግጦ ይቀነስልን።

አንድ አከራይ፣ ከሐዋሳ