ሲስተር፣ ያቺ ጥያቄሽ እናቴን አተረፈችልኝ

እናቴ ትናንት ማንም ሳይደግፋት ተነስታ መስኮት ከፈተች። እሱን አይቼ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። እናቴን በተቅማጥ ልናጣት ነበር፤ ያለፍንበትን ታውቁታላችሁና ዝርዝሩን አልደግመውም።

ሲስተር፣ «ስሜን እንዳትጠሪ» ብለሽኛልና አልጠራውም። አንቺ ማለቴን ይቅር በይኝ፤ እህቴ ሆነሻል። ያን ሌሊት ሁላችንም «ምን በልታ ይሆን?» እያልን ስንጨቃጨቅ፣ አንቺ እጇን ይዘሽ «እማማ፣ ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር?» አልሻት። ወስዳለች፤ ለሳንባ ምች። ከጨረሰች 2 ሳምንት ሆኗት ስለነበር ለማንም አላነሳነውም። ያለቀ መድኃኒት ከተቅማጥ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለን!

መድኃኒቱ ደጎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲጨርስ ሲ ዲፊሲል የሚባለው ጎጂ ባክቴሪያ እንደሚራባ፣ መርዙ አንጀት እንደሚያቆስል፣ ከ65 ዓመት በላይ ባሉት ላይ እንደሚበረታ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። ተራው የሰገራ ምርመራ አያሳየውም ብለሽ ለሐኪሙ የነገርሽውም አንቺ። የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ገዝቼ ስመጣ እንዳትወስደው ሳትቆጪ ከእጄ ተቀበልሽኝ። ሳኒታይዘር ስቀባ ደግሞ «የዚህን ጀርም ስፖር፣ ያን ጠንካራ ዘር መሰሉን፣ አልኮል አይገድለውም፣ በሳሙናና በውኃ ታጠቢ» አልሽኝ። መጸዳጃ ቤቱን በበረኪና ማጽዳትም ካንቺ የተማርኩት ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። እናቴ አንሶላዋ በተበላሸ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እኔ ልጇ የምላትን አጣሁ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ «እማማ፣ ይሄ በሽታው ነው፤ እርስዎ ምን አጠፉ?» አልሻት። ዞራ አየችሽ። ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይመጣል።

በደም ሥር ሳይሆን በአፍ የሚወሰደውን ቫንኮማይሲን (ይህን ጀርም የሚያጠፋ አንቲባዮቲክ) በቀን 4 ጊዜ ለ10 ቀን ያዘዘላትን፣ ኩላሊቷን በየቀኑ ይከታተል የነበረውን ሐኪም ከልብ አመሰግናለሁ። የላብራቶሪ፣ የፋርማሲና የጽዳት ሠራተኞች፣ ተራ ገብታችሁ ያደራችሁ ዘመዶችና ጓደኞች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያላነሳሁ ብዙ ናችሁ፤ በዚያ ሰሞን ማን መጣ ማን ሄደ የማውቅበት ልብ አልነበረኝም። እባካችሁ አትቀየሙኝ።

ሲስተር፣ ሊያገረሽ ይችላል ያልሽኝን አልረሳሁም። ደህና እስከሆነች ድረስ በከንቱ አላስመረምራትም፤ ተቅማጡ ከተመለሰ ግን ሳልውል ሳላድር ይዣት እመጣለሁ። ሌላ ሐኪም አንቲባዮቲክ ሊያዝላት ሲልም ይህ በሽታ እንደነበረባት አስቀድሜ እናገራለሁ።

እናቴ ዛሬም «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች።