የሻወር ቤት ፋን ከሽንት ቤት ቧንቧ ጋር ለምን አናገናኝም እንደምንል

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ።

በዚህ ሰሞን የሻወር ቤት ፋን የምታስገጥሙ በዝታችኋል፣ እና ብዙዎቻችሁ የምትሉን አንድ ነው፣ "ግድግዳ ከምትበሱ እዛው ካለው ከሽንት ቤቱ ቧንቧ ላይ ለምን አታስገቡትም"። እምቢ ስንል ሂሳብ ለመጨመር የመሰላችሁም አላችሁ፣ ስለዚ ነገሩን በደንብ እናስረዳችሁ ብለን ነው።

እውነት ነው ሲያዩት ያጓጓል። የፋኑ አፍ 100 ሚሊሜትር፣ የቧንቧው ፒቪሲ 110፣ ለሱ የተሰራ ይመስል ጥርቅም ብሎ ይገባል። ግን ያ ቧንቧ እስከ ጣራ የሚወጣው ፍሳሹ እንዲተነፍስበት ነው፣ ከሴፕቲክ ታንኩ የሚመጣው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ በሱ ነው የሚያልፈው። ፋኑ ላይ ያለችው ስስ ፕላስቲክ ክዳን ንፋስ ብትመልስ ነው እንጂ ጋዝ አታስቀርም። መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፣ ጋዙ ግን አይቆምም፣ ቀጥታ ቤት ይገባል። ፋኑ ሲሰራ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ሽታ ይገፋና የወለሉ ውሃ መውረጃ (ፍሎር ድሬን) የደረቀበት ጎረቤት ቤት ያወጣዋል፣ ይሄ ደግሞ ግፍ ነው።

በቅርቡ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሄደን ነበር፣ ፋኑ በትክክል ወደ ውጪ ነው የወጣው ግን እማማ "ሳበራው ይሸታል፣ ሳጠፋው ይተዋል" አሉን። ለቡና ያጨሱትን እጣን ከነማጨሻው ተቀብለን ፍሎር ድሬኑ አጠገብ አስቀመጥነው፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው ከታች እፍ የሚለው ያለ ይመስል ወደ ጎን ይበተናል። የድሬኑን ክዳን ስናነሳው ውስጥ የምትቀመጠው፣ ውሃ ይዛ ሽታ የምታግደው ኩባያ የለችም። "ፀጉር እየያዘች ውሃ ስታግድብኝ አውጥቼ ጣልኳት" አሉን። በዛ ላይ ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ብለው የበሩን ስር በላስቲክ ደፍነውታል። ፋን እኮ የሚያወጣውን ያህል አየር ከሆነ ቦታ መሳብ አለበት፣ በበሩ በኩል ስትከለክሉት ከድሬኑ ይስባል። ኩባያዋን ተክተን ውሃ ሞላንባት፣ ላስቲኩን አንስተን 1 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ተውን፣ ጭሱም ቀጥ አለ።

ደህና ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የድሬኑ ክፍል) ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ይቆማል። የትንሿ ፋን ጉልበት ውሃን ጥቂት ሚሊሜትር ቢያነሳ ነው፣ ስለዚ ውሃው እስካለ ድረስ ሽታ አታመጣባችሁም። ችግሩ ውሃው ሲደርቅ ነው፣ በተለይ በበጋ፣ ወይ ውሃ ሳይመጣ ሲከርም፣ ወይ ማንም የማይገባበት የእንግዳ ሻወር ከሆነ። በሳምንት አንዴ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱበት፣ ረጅም ጊዜ ከቤት ስትወጡ ደግሞ ከላዩ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩበት፣ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይሸፍነዋል።

እኛ የምንሰራው ለፋኑ የራሱን ቱቦ ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ወደ ውጪ ትንሽ ያዘነበለ፣ ምክንያቱም እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሆንና ካላዘነበለ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ተጣጣፊ ቱቦ ከሆነ ወጠር መደረግ አለበት፣ መሀሉ ከረገበ ውሃ ያቁራል። የውጪው አፍ መስኮት ስር ወይ የፍሳሽ መተንፈሻ አጠገብ አይሆንም።

ስራ በጀመርንበት አመት እኛም ሁለት ቤት ቧንቧው ላይ ገጥመን ነበር፣ ኋላ ገብቶን ተመልሰን በራሳችን ወጪ አስተካክለናል፣ ስለዚ ከልምድ ነው የምንነግራችሁ። ቀድሞ እንዲህ የተገጠመባችሁ ካላችሁ ደውሉልን፣ ለማየት አናስከፍልም። ፋኑ ከተነሳ በኋላ ቧንቧው ላይ የቀረው ቀዳዳ በፒቪሲ ክዳንና በሙጫ ነው የሚዘጋው፣ እባካችሁ በጨርቅ ወይ በስኮች ወትፋችሁ እንዳትተዉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳኒተሪ ቡድናችሁ