ለልጄ፦ ፈተናውን አታስተርጉሚው

ውድ ልጄ ብሌን፣

እንደምን ከርመሻል? የዶክትሬት ጥናትሽን ቡራዩ ላይ ለመሥራት መወሰንሽ ደስ አሰኝቶኛል። ቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ሰፈሩ አማርኛ የሚናገር ልጅ ከእናቱ ጋር ጉራጊኛ ከሚያወራ ጓደኛው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ለንግግርና ቋንቋ ሕክምና ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ፕሮፖዛልሽን አንብቤዋለሁ። አጥብቄ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ የእንግሊዝኛውን የንባብ ፈተና አታስተርጉሚው። ለየቋንቋው ከራሱ ድምፅና ፊደል ተነስተሽ አዘጋጂ።

ቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞው የላቲን ጽሕፈት፣ ድምፅ ሲጠብቅ ሆሄውን ይደግማል። የእኛ ፊደል ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ካርድ ላይ ብቻውን ከተጻፈ፣ ልጁ አጥብቆም አላልቶም ቢያነበው ልክ ነው። ሳድስም አንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዴ ሳይዝ ይነበባል። ትርጉም የለሽ ቃላት ስታስነብቢ የትኛው ንባብ እንደሚያዝ አስቀድመሽ ካልጻፍሽ፣ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ለአንድ ልጅ ሁለት ውጤት ይሰጣሉ። በደቂቃ የተነበበውንም በቋንቋዎቹ መካከል አታወዳድሪ፤ ፊደል በአንድ ቅርጽ ተነባቢና አናባቢ ሲይዝ ቁቤ ለዚያው ሁለትና ከዚያ በላይ ሆሄ ይፈልጋል።

ስህተት ስትመዘግቢ የኤክስ ምልክት ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ያለውን እንዳለ ጻፊ። እንግሊዝኛ «ሲ» (c) የሚለው ሆሄ በቁቤ ድምፁ «ጭ» ነው። ስለዚህ ቁቤ የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ የድመትን ስም (cat) «ጫት» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ይህ ልጅ እክል የለበትም፤ የሚያውቀውን ሕግ በሥርዓቱ ተጠቅሟል።

እውነተኛ የቋንቋ እክል ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል። በአማርኛ ብቻ የሚደክም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ በበቂ ያልሰማ ነው። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ወላጅን ጠይቂ፦ ከየትኛው ቋንቋ ጋር በስንት ዓመቱ ተዋወቀ? ከማን ጋር በምን ያወራል? ጆሮውንም አስቀድመሽ ፈትሺ፤ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ኸርዝ፣ በ20 ዴሲቤል፣ እያንዳንዱን ጆሮ ለየብቻ። ትርጉም የለሽ ቃል ማስደገም ለሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች ከቃላት ፈተና ይሻላል፤ ድምፆቹን ግን ሁሉም ልጆች ከሚያውቋቸው ብቻ ምረጪ፤ የአፋን ኦሮሞውን «ዸ» ካስገባሽ አማርኛ ብቻ የሚያውቀውን ልጅ ያለ ጥፋቱ ትጥይዋለሽ።

የንባብ ተመራማሪዎቹ ጋፍና ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሉት፣ አንብቦ መረዳት የተጻፈን ቃል ወደ ድምፅ የመፍታትና የሰሙትን የመረዳት ብዜት ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ቁቤን ጥርት አድርጎ እያነበበ ምንም የማይገባው ልጅ ስለሚያጋጥምሽ ምንባብ አንብበሽለት የሚመልሰውንም ለካ።

ናሙናሽ ያሳስበኛል። ከ20 ክፍል ሃያ ሃያ ልጅ ስትወስጂ 400 ይሆናል፤ ግን የአንድ መምህር ተማሪዎች ይመሳሰላሉ። መመሳሰሉ ከ0 እስከ 1 በሚሄደው ሚዛን 0.2 ነው ብንል፣ 1 ሲደመር 19 (የክፍሉ ልጆች ሲቀነስ አንድ) ሲባዛ በ0.2፣ 4.8 ይመጣል፤ 400ው ለዚህ ሲካፈል እንደ 83 ልጅ ብቻ ይቆጠራል። ከ80 ክፍል አምስት አምስት ብትወስጂ ግን 1.8 ስለሚሆን ወደ 222 ይጠጋል። ትራንስፖርቱ ይበዛብሻል፤ ቢሆንም ክፍል ጨምሪ።

ድምፅ ሳይጨመቅ በሚያስቀምጥ በዋቭ ፋይል ቅረጺ፤ ከቀረጻዎቹ አንድ አምስተኛውን ሌላ ሰው የአንቺን ውጤት ሳያይ እንደገና ያርም። የወላጅ ፈቃድ በሚናገሩት ቋንቋ ይነበብላቸው፤ ልጁም ራሱ ይጠየቅ፣ እምቢ ካለ አይገደድ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስለሚያቆይ ማመልከቻሽን አሁኑኑ አስገቢ፤ የመጨረሻው ዙር ከግንቦት እንዳያልፍ። በሰኔ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲመታ «ጭ» እና «ች» በቀረጻው ላይ አይለዩም።

እናትሽ